ከከሰልና ከጥጥ መካከል

ሱቄን ያስረከብኩት ለአንድ የሞባይል ነጋዴ ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ቁልፉን የተቀበለኝ በሁለት እጁ ነው። ውስጡን ዞር ዞር ብሎ አየና ወደ ኋላው ግድግዳ እየጠቆመ፣ «እማማ፣ ይሄኛውን ለምን ሳይቀቡት ቀሩ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። በአሶሳ ከተማ ያንን ግድግዳ ያህል ተጠንቅቀው የቀቡት ግድግዳ ያለ አይመስለኝም። አመድና ነጭ አፈር ተነፍቶ፣ ተመጥኖ፣ በሙጫ ተበጥብጦ የተቀባ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር እየታደሰ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ ኖሯል። «ቀለሙ ነው እንዲህ» አልኩት። ልጁም በጨዋ ደንብ ራሱን ነቀነቀ። አሁን ሮዝ እንዳስቀባው ሰምቻለሁ፤ ገበያው ይቅናው።

ለናሙና ተሰቅለው የኖሩትን ፎቶዎች ለባለቤቶቻቸው፣ ባለቤት ያጣሁላቸውን ለዘመድ አድያለሁ። ለራሴ ያስቀረሁት አንዱን ብቻ ነው። ሁለት አሮጊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ ፊታቸው ስለተነቃነቀ ተበላሽቷል፤ ሌላው ቅጂ ባለቤቶቹ ዘንድ ነው። ከግድግዳው ሳወርደው ልጁ አየና፣ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተበላሸውን ነው እንዴ የሚወስዱት?» አለ። ልጁ ዕቃ የሚያስገባበት ሰዓት ነበርና፣ መልሱ ደግሞ ረጅም ነውና፣ «አዎ፣ እሱን ነው» ብዬ ወጣሁ። ሙሉውን መልስ እዚህ ልጻፈው።

ስሜ ለምለም ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነኝ፤ ያደግሁትም ከአሶሳ ዳር ካሉት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ፎቶ ቤት የረገጥኩት ለትምህርት ቤት ጉርድ ፎቶ ልነሣ ሄጄ ነው። ባለቤቱ ኡስታ ኢድሪስ ይባል ነበር፤ አላህ ይዘንለት። መንጌ አካባቢ የተወለደ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። በልጅነቱ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ደማዚን ከተማ ፎቶ ቤት ውስጥ ሲላላክ ሙያውን ለቀመና ካሜራውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። «ኡስታ» በእነሱ ዘንድ እጁ ለተባረከ ባለሙያ የሚሰጥ ስም ነው።

ያን ቀን አንዲት የገጠር ሴት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ገለጥ ማድረግ አፍራ ኖሮ ኡስታ ግራ ገብቶት ቆሟል። ማንም ሳይለኝ ጠጋ ብዬ ሻሿን አስተካከልኩላት፣ አገጯን ቀና አደረግሁላት። ኡስታ ፎቶውን አነሣና ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ፊት ትነካለህ፣ እኔ ካሜራ እነካለሁ። ነገ ና» አለኝ። የቅጥር ውላችን ይኸው ነበር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም፤ እስኪሞት ድረስ እኔን አንተ፣ ሚስቱን እሱ እያለ ኖረ። «ልጄ» ሊለኝ ሲያምረው ግን በዐረብኛ «ያ ቢቲ» ይለኛል፤ እዚያ ላይ ተሳስቶ አያውቅም።

ሥራ ያስተማረኝ በማስረዳት አልነበረም። ወሬ አይወድም፤ ዝም ብሎ ያሠራል፣ ካልሆነ ያስደግማል። ያን ጊዜ መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ለጥቂት ሰዓት ስለነበር ፎቶ የምናትመው በፀሐይ ነው። ጨለማ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የጭብጦ ስፋት ያላት ቀዳዳ አለች፤ መዝጊያዋን ከፈት አድርገን ብርሃኑን በኔጋቲቩ በኩል ወረቀቱ ላይ እንለቀውና ወዲያው እንዘጋታለን። ደመና ካለ ቆየት፣ ፀሐይ ከጠነከረ ቶሎ ነው። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስንነክረው መጀመሪያ ቅንድብ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ቀስ እያለ ፊቱ ይመጣል። ስንቱን ፊት እንዲህ ሲመጣ አየሁ፣ አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።

ፎቶው ታጥቦ ሲያበቃ ወደ ውጭ እናወጣዋለን። የኡስታ ትልቁ ፈተና እዚያ ነው። የሱቁ በረንዳ ላይ ባለች ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ከሰልና አንድ ቁንጥር ጥጥ ይቀመጣል። ፎቶውን መካከላቸው ያስቀምጠዋል። የፎቶው ጥቁር ከከሰሉ፣ ነጩ ከጥጡ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ «ድገም» ነው። ሁለቱ ሲስተካከሉ ደግሞ ፊቱን ያያል። «ከሰል አንድ ነው፣ ጥጥ አንድ ነው። ሰው መካከል ላይ ነው፣ ብዙ ነው» ይላል። ያኔ አልገባኝም ነበር። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ የሰው ፊት በሙሉ በሁለቱ መካከል ባለው ግራጫ እንደሚኖር ያወቅሁት ስንት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ነው።

የአመዱ ግድግዳም ምክንያቱ ይኸው ነው። ጠቆር ያለ ሰው ነጭ ሸራ ፊት ሲቀመጥ ካሜራው በነጩ ይደነግጥና ፊቱን ያጨልመዋል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። ጥቁር መጋረጃ ፊት ካስቀመጥነው ደግሞ ፀጉሩና መጋረጃው አንድ ይሆናሉ። አመዱ ፊት ግን በርታውም፣ ጉሙዙም፣ ከወሎ የመጣውም እንደየፊቱ ይወጣል። ደንበኛው ቀልቶ ለመታየት ፓውደር ነስንሶ ሲመጣ ኡስታ ወደ ጓሮ ይልከውና ያስታጥበዋል። ከዚያ የሰሊጥ ዘይት ጠብታ መዳፌ ላይ ያንጠባጥብና ጉንጩን በስሱ እንዳብሰው ያዝዘኛል። ዘይት የነካው ጥቁር ቆዳ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍ አጥንቱ፣ ሽብሽቡ፣ ፈገግታው ሁሉ ይታያል። ፓውደር የነካው ፊት ግን አመድ ላይ እንደ ተንከባለለ አህያ ነው። ይህን ለደንበኛ በሌላ ቋንቋ ነበር የምነግረው።

ኡስታ ካሜራው ላይ እጁን ሳያሳርፍ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ማነው የሚያየው?» ፎቶውን የሚያየው ማን ነው ማለቱ ነው። ወደ ሠራዊት የሄደ ልጅ ነው? እጮኛ ናት? ወይስ የቀበሌ ሰው? ለእጮኛ ከሆነ ፊቱን ወደ መስኮቱ ለስለስ አድርጎ ያዞረዋል። ለእናት ከሆነ የሰውየው እጅም እንዲታይ ራቅ ብሎ ያነሣል፤ እናት ልጇ መክሳት አለመክሳቱን ከእጁ ነው የምታውቀው ይላል። ለቀበሌ ከሆነ ሁለቱን ጆሮ ካሳየ በቃው። አንዳንዱ ደንበኛ ጥያቄው ነገረኛ ይመስለውና «ምን አገባህ?» ይለዋል። እሱም መልስ እስኪያገኝ ክንዱን አጣጥፎ ይጠብቃል።

ሲኒማ ይወድ ነበር። ደማዚን በወጣትነቱ ሜዳ ላይ በተወጠረ ሸራ ያያቸውን ፊልሞች ታሪካቸውን ረስቶታል፣ ፊቶቹን ግን አልረሳም። «አንድ ሴት ያለቅሳል። ቀሚሱ ቀይ ይሁን አረንጓዴ አላውቅም። እንባውን ዛሬም አየዋለሁ» ይለኝ ነበር። አሁን ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች ሐዘን ወይም ትዝታ ማሳየት ሲፈልጉ ቀለሙን ያጠፉታል። ሙሽራዋ የሞተ አባቷን ስታስብ ጥቁርና ነጭ ትሆናለች፣ ኬክ ስትቆርስ ቀለሟ ይመለሳል። እኔ በዚህ እስቃለሁ። እኛ ሠርጉንም፣ ክርስትናውንም፣ ዒዱንም ያነሣነው በጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰውም ጥርሱን ከፍቶ ስቆበታል። ቀለሙ ሲጠፋ ልብሱ ዝም ይላል፣ ፊቱ ይናገራል። ለሐዘንም ለደስታም ያው ነው።

ከኡስታ ጋር ያልዞርንበት የለም። ካማሺ የሄድን ጊዜ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አመድ የተቀባውን ሸራችንን ከጎማው ሥር አንጥፈን ነው የወጣነው። እዚያ ደርሰን የመምህራንን ጉርድ ፎቶ በዚያው ሸራ ፊት አነሣን፤ የጎማው ፈለግ ከአንዳንዱ መምህር ጆሮ ኋላ እስከ ዛሬ መታወቂያው ላይ ሳይኖር አይቀርም። መንጌ ስንሄድ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ከወንዝ እንደወጡ ይሰለፉልናል። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፣ ቤት ግን አቆመልኝ፤ ሁለት ልጅ አስተምሬበታለሁ።

መሐል ላይ ጥቂት ዓመት መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስብሰባ ሳነሣ ቆይቻለሁ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው አንድ ብቻ ነው። ፎቶ ባሳየኋቸው ቁጥር፣ «ለምለም፣ እስቲ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» ይላሉ። ቀላ አደርጋቸዋለሁ። «ትንሽ ደግሞ» ይላሉ። በመጨረሻ ከጀርባቸው ካለው መጋረጃ ጋር ተመሳስለው ኮታቸው ብቻውን ንግግር የሚያደርግ መሰለ። የመሥሪያ ቤቱ ወዳጅነት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል፣ ሥራው ግን አልሆነልኝም። ወደ ኡስታ ተመለስኩ፤ እሱም እንደወጣሁ ሳይቆጥር «ና፣ ውሃ አምጣ» አለኝ።

ስመለስ ዓይኑ መድከም ጀምሮ ነበር። ሐኪም የማይመልሰው ዓይነት ሕመም ሆነና በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰሉን ከጥጡ መለየት ተሳነው። ሱቁን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ እሱ በረንዳው ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጊዜው የከለር ዘመን ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ሥልጠና ወስጄ፣ ሁለት ትልልቅ ፍላሽ፣ ኮምፒዩተርና የቀለም ማተሚያ ይዤ መጣሁ። ፍላሾቹ ከፊት ለፊት ብርሃን ሲረጩ ፊት ላይ አንድ ጥላ አይቀርም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ፊት ያለሰልሳል፤ ብጉር፣ ጠባሳ፣ ሽብሽብ፣ የሚተርፈው የለም። የከተማው ልጃገረድ ሁሉ ተሰለፈልኝ። ኡስታ ግን ፍላሹ «ጧ» ባለ ቁጥር ፊቱን ወደ ጎዳናው ያዞራል።

በአንድ የትምህርት ምዝገባ ሰሞን ነው። ሱቁ በተማሪ ተጨናንቋል። ነስረዲን የሚባል የመንጌ ሰው እናቱን ከጤና ጣቢያ በባጃጅ ይዟት መጣ። ሐዋ ትባላለች፤ እግሯ አልራመድ ብሏት ተደግፋ ነው የምትሄደው። ብርቱካንማና አረንጓዴ አበባ ያለበት የሱዳን ቶብ ለብሳለች። ነስረዲን «ጉርድ ፎቶ» አለኝ፤ ተማሪው ሁሉ የሚለው እሱኑ ነው። አስቀመጥኳት፣ ፍላሹን ለቀቅሁ፣ እንደሌሎቹ አለሰለስኩ፣ አተምኩ። ማነው የሚያየው ብዬ አልጠየቅሁም። ሰልፉ እስከ ጎዳናው ነበርና ከነጭራሹ አልመጣልኝም። አመስግነውኝ ሄዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ሲፈታ አላየሁትም።

በዓመቱ፣ ክረምቱ አልፎ ነስረዲን ብቻውን ተመልሶ መጣ። «ይህንኑ በትልቁ አድርጊልኝ» ብሎ ፎቶውን አወጣ። «ትንሹን ብዙ ሰው አየው፣ ያወቃት ግን የለም።»

«ማን ነው የሚያውቃት?» አልኩት።

«እህቷ ናት የምትፈለገው።» በረንዳው ላይ ኡስታ ሲነቃነቅ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ።

ነስረዲን የነገረን ይህን ነው። ሐዋና ታናሽ እህቷ ኩልሱም እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻቸው አክስታቸው ሐሊማ ናት። ኩልሱም ገና ልጅ ሳለች ድንበሩን ተሻግራ ሱዳን ተዳረች፤ አክስቲቱም ውላ አድራ እሷው ዘንድ ሄደች። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እህትማማቾቹ ሳይተያዩ አረጁ። አሁን ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ተፈናቅሎ ወደዚህ ሲገባ አንድ ነጋዴ «ኩልሱም የምትባል አሮጊት ከአክስቷ ጋር የስደተኛ ካምፕ ገብታለች» የሚል ወሬ አመጣ። የትኛው ካምፕ እንደሆነ አላወቀም። ካምፑ ብዙ ነው፣ ኩልሱም የሚባለውም ብዙ ነው፣ የሐዋ እግር ደግሞ አያዞራትም። ስለዚህ ፎቶዋ በእሷ ምትክ እንዲዞር ነበር ያስነሣት። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ካምፕ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ይዞላት ሲዞር ከረመ።

«በልጅነቱ ነው የተለያየው» አለ ኡስታ ከአግዳሚው ላይ። «አሁን ሁለቱም አርጅቷል። በምን ያውቀዋል?»

«በጉንጯ መስመር» አለ ነስረዲን። «የሁለቱንም አክስታቸው ናት በአንድ ቀን የበጣችው። የእናቴ አንደኛው መስመር ታች ላይ ታጥፏል። ምላጩ ሲያርፍባት ፊቷን አዞረች። ቤተሰቡ ሁሉ በዚያ ይቀልድባታል።»

የበርታ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጉንጫቸው ላይ በብጣት የወጣ ሦስት ሦስት ቁም መስመር አላቸው። ስንት ጊዜ በእነዚህ እጆቼ ዘይት አብሼበታለሁ።

«ያ ቢቲ» አለኝ ኡስታ። «ፎቶው ላይ መስመር አለ?»

ፎቶውን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። የሐዋ ጉንጭ እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነው። ቶቡ አምሯል፣ አበባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። «የለም» አልኩት። ፍላሹ ጥላውን በላው፣ የቀረውን ኮምፒዩተሩ ጠረገው። ኡስታ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ማነው የሚያየው ብለህ አልጠየቅህም» አለኝና ወደ ነስረዲን ዞሮ በራሳቸው ቋንቋ እናቱን እንዲያመጣ ነገረው።

ሐዋ በማግስቱ መጣች። ፍላሾቹን አጥፍቼ፣ እነሱን ከገዛሁ ወዲህ ዘግቼው የኖርኩትን የሰሜኑን መስኮት ከፈትኩ። በዲጂታሉ ካሜራ አንሥቼ በቀለም ሳትመው መስመሮቹ አሉ፣ ግን ማን ያያቸዋል? ብርቱካኑና አረንጓዴው ዓይኔን እየጎተተ ይወስደዋል፤ ማተሚያው ደግሞ ጥላውን ሁሉ ቀይ ዳማ ያደርገዋል። ከቁም ሣጥኑ ሥር የቀረች ፊልምና አንድ ፓኮ ወረቀት ነበረችኝ፤ ጊዜዋ አልፏል፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ከእርጥበት ጠብቄያታለሁ። የኡስታን ካሜራ አወጣሁ። ጉንጯን በሰሊጥ ዘይት ሳብስ ጣቴ መስመሮቹን አንድ በአንድ አገኛቸው፤ የታጠፈችውንም አገኘኋት። ብርሃኑ ከጎን ስለሆነ ካሜራው ቀስ ብሎ ነው የሚያየው፣ የሚነሣው ሰው ትንፋሹን መያዝ አለበት። ሐዋ ግን መቀመጥ የማትችል ሰው ናት፤ ትዞራለች፣ ትስቃለች፣ ሻሿን ትነካለች። ኡስታ ከበረንዳው ገብቶ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስለ መንጌ ወንዝ ሲያወራት ረጋች። ያኔ ያዝኳት።

ጨለማ ክፍሉ አቧራ ለብሶ ነበር። ፊቷ ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲመጣልኝ አለቀስኩ። ወደ በረንዳው ይዤው ወጣሁ። ኡስታ ከሰሉና ጥጡ ያለበትን ቦታ በእጁ ዳሰሰ።

«ጥቁሩ?» አለኝ።

«ከከሰሉ እኩል ነው።»

«ነጩ?»

«ከጥጡ ትንሽ ያንሳል። ወረቀቱ አርጅቷል።»

«መስመሩ?»

«ሁሉም አለ። ጠማማው ሳይቀር።»

«ስጠው» አለ።

ነስረዲን ያንን ፎቶ ይዞ ሄደ። ብዙም አልቆየ፣ ጾሬ ካምፕ ወፍጮ ቤት ውስጥ ወረፋ ለያዙ ሴቶች ሲያሳይ አንዲት አሮጊት ፎቶውን ከእጁ ነጠቀችውና አውራ ጣቷን በታጠፈችው መስመር ላይ አሳረፈች። «ሐዋ ናት» አለች። «ዛሬም አርፋ አልተቀመጠችም?»

ኩልሱም የመውጫ ፈቃድ አግኝታ አሶሳ የመጣች ቀን የተገናኙት እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ለሁለቱም መንገዱ የሚገጥመው እዚያ ስለሆነ ነስረዲን መርጦት ነው። እንዴት እንደተያያዙ አልጽፈውም፤ የሰማው ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ያለቅስ ነበር ማለት ይበቃል። ረጋ ካሉ በኋላ ሐዋ ስለ አክስታቸው ጠየቀች። ኩልሱም ወደ ጠረጴዛዬ እያየች በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተናገረች፤ ነስረዲን ሊተረጉምልኝ አልፈለገም። ኡስታ ግን «ንገረው» አለው።

ነስረዲን አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። የቀለሙ ፎቶ ክረምቱ ሲገባ ኩልሱምም ዘንድ ደርሶ ነበር። አየችው፣ «የከተማ ሴትዮ ናት፣ አላውቃትም» ብላ መለሰችው። አክስቲቱ ሐሊማም አይታዋለች። ዓይኗ ገና ደህና ነበር። ጉንጩን በጣቷ ዳብሳ ዳብሳ፣ «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አለች። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሥራዬ የሰውን ፊት ለሚፈልገው ሰው ማድረስ ነው፤ ይህን ብቻ ነው የማውቀው። አንዲት አሮጊት በገዛ እጇ የጻፈችውን ፊት ፍለጋ ፎቶ ላይ ጣቷን ስታመላልስ፣ ያንን ፊት ያጠፋሁባት እኔ ነኝ። ሐዋም እናት የሆነቻትን ሰው በሕይወት ሳታገኛት ቀረች። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። ሐዋ ግን ተደግፋ ተነሣች፣ መጥታ እጄን ያዘችና መዳፌን ወስዳ የራሷ ጉንጭ ላይ አስቀመጠችው። አማርኛ ብዙ አትችልም። «አንተ ፊቴን መለስክ» አለችኝ። የኡስታን አማርኛ ስትናገር ስሰማ ለቅሶዬ ባሰ።

ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ማንም ይምጣ ማን፣ ሰልፉ የትም ይድረስ የት፣ ሳልጠይቅ አላነሣሁም። ፍላሹንም አልጣልኩም፤ ለቀበሌ መታወቂያ ደህና ነው። የሰሜኑን መስኮት ግን ዳግመኛ አልዘጋሁትም። ዛሬ መታወቂያውን ራሱ መሥሪያ ቤቱ በማሽን ያነሣል፣ ሌላው በስልኩ ይነሣል፤ የእኔም ጉልበት ደክሟል። አላዝንም። እንዲህ ያለ ሥራና እንዲህ ያለ ሰው አንድ ላይ ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

የተበላሸው ፎቶ የዚያኑ ቀን ነው። እህትማማቾቹ ሊሄዱ ሲሉ አብራችሁ ላንሣችሁ ብዬ አመዱ ግድግዳ ፊት አስቀመጥኳቸው። ከፊልሟ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ነበረች። ኡስታ እንደ ልማዱ ከበረንዳው፣ «ማነው የሚያየው?» አለ።

ሁለቱ ተያዩ። ኩልሱም መለሰችለት፣ ነስረዲን ተረጎመልኝ፤ «ከዚህ በኋላ የምንፈልገው ሰው የለም። እኛው እናየዋለን።»

ዘይቱን አበስኩላቸው። ትንፋሽ ያዙ አልኩ። ሐዋ ግን ደግሞ ልትዞር ቃጣች። ያኔ ኩልሱም እጇን ሰድዳ የእህቷን አገጭ ያዘች፤ «አሁን እንኳ አትንቀሳቀሺ፣ ሐሊማ ምላጩን ይዛለች» አለቻት። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፣ ካሜራውም ያው በዝግታ እያያቸው ነበር።

አጥቤ ሳወጣው ፊታቸው ተነቃንቋል። ከጉንጫቸው አንድም መስመር አይለይም። ኡስታ ከሰሉና ጥጡ አጠገብ ሆኖ ጠየቀኝ፤ ጥቁሩ? አለ። ነጩ? አለ። «ፊቱስ?»

«ፊቱ ተበላሽቷል» አልኩት። «ሳቁ፣ ተነቃነቁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ «ድገም» ሲለኝ የኖረው ሰው እጁን ዘርግቶ ፎቶውን ተቀበለኝ፣ በጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው፣ መልሶም ሰጠኝ።

«ተወው» አለ። «መስመሩን ከፈለጉ ይዳበሱ።»